ቀለሙን እርሱት፣ ጣቱን እዩ፦ የፍሎሪዳ ጓሮ እንሽላሊትና እንቁራሪት አለያየት

ታምፓ ቤት የገዛን ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች። በማግስቱ ጠዋት ቡናዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣችና ሲኒው ሳይጋመስ ተመለሰች። «ቤቱን ከነእንሽላሊቱ ነው እንዴ የሸጡላችሁ?» አለችኝ።

አልተሳሳተችም። እዚህ አገር አጥሩ ላይ እንሽላሊት አለ፣ የፖስታ ሳጥኑ ላይ አለ፣ በር ስትከፍቱ ከማጠፊያው ሥር አንዱ ይፈተለካል። ማታ ደግሞ ዝናብ ካቆመ በኋላ የእንቁራሪቱ ጩኸት ስልክ አያናግርም። ያን ጊዜ እኔ የማውቀው ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ ጭራ ያለው እንሽላሊት፣ የሚዘለው እንቁራሪት። ከዚያ ቡቺ፣ ውሻችን፣ አንድ ምሽት ጉርጥ አፏ ውስጥ ከተተችና ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ታሪኩን ወደ ታች አወራዋለሁ። ከዚያች ማታ ወዲህ ግን ባትሪ ይዤ ጓሮ መዞር ለመድኩ፤ በዚህች ትንሽ ግቢ ብቻ አሥራ አንድ ዓይነት ቆጥሬያለሁ።

መለየት ለምን ያስፈልጋል ለምትሉ፣ አንዱ ጉርጥ ውሻ ይገድላል፤ እሱን የሚመስለው ሌላው ጉርጥ ደግሞ በረሮና ጉንዳን ለቅሞ የሚያድር ምስኪን ነው። ሰው ግን በጨለማ አይለይም፣ አካፋውን ያነሣና ምስኪኑን ይገድላል። እኔም አድርጌዋለሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እወቁ

እንሽላሊት ፀሐይ ይወዳል። ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ስልካችሁ ላይ ከ9 እስከ 11) አጥርና ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲሞቅ ታገኙታላችሁ፤ ገና ስላልሞቀው ቶሎ አይሮጥም። እንቁራሪት የማታ ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው የዝናብ ወቅት፣ ዝናቡ ባባራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውጡ። የበረንዳውን መብራት ቀድማችሁ አብሩት፤ ብርሃኑ ነፍሳት ይሰበስባል፣ ነፍሳቱ እንቁራሪትና ጌኮ ይሰበስባሉ፣ እናንተ ወንበር ላይ ቁጭ ትላላችሁ።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። ባትሪ፣ ስልክ፣ የተዘጋ ጫማ። ጫማውን እንዳትንቁ፤ ቀዩ ጉንዳን፣ ፋየር አንት የሚሉት፣ በነጠላ ጫማ የወጣ ሰው ይጠብቃል።

ከዚያ ፎቶ አንሡ፣ ግን አንድ ብቻ አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሩቅ አንድ ፎቶ ያነሣና «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ይልካል። ቡናማ ነጥብ ነው የሚታየው። ቢያንስ ሦስት አንሡ። አንዱን ከላይ፣ የጭንቅላቱና የጀርባው ቅርጽ እንዲታይ። አንዱን ከጎን፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ። ሦስተኛውን እግሩ ላይ አቅርባችሁ፤ ጣቱ ካልታየ እንቁራሪትን መለየት ግማሽ ግምት ነው። አጠገቡ መጠኑን የሚያሳይ ነገር ካለ ጥሩ ነው። ጡብ፣ ቅጠል፣ የውሃ ጎማው፣ ምንም ይሁን።

መያዝ አያስፈልግም። የግድ ከሆነ እጃችሁን በውሃ ብቻ ታጥባችሁ በእርጥቡ ያዙ፤ የትንኝ መከላከያ ወይም የፀሐይ ቅባት ያለበት እጅ የእንቁራሪትን ቆዳ ይጎዳል፣ ቆዳቸው ሁሉን የሚመጥ ነው። ከያዛችሁ በኋላ ደግሞ በሳሙና ታጠቡ፣ ለእናንተ ሲባል። እጅ ላይ ኪንታሮት ያወጣል የሚባለውን ተዉት፤ ኪንታሮት ከቫይረስ ነው የሚመጣው።

ቀለም ውሸታም ነው

ይህችን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። እዚህ ያሉት እንሽላሊቶችና እንቁራሪቶች ግማሾቹ ቀለም ይቀያይራሉ። ጠዋት አረንጓዴ ያያችሁት ከሰዓት ቡናማ ነው፤ አንዱ እንቁራሪት አንድ ማታ ላይ ብቻ ነጭ፣ ግራጫና ወይራ ቀለም ሆኖ አሳይቶኛል። ስለዚህ «አረንጓዴ ነበር» ብላችሁ አትጀምሩ። ቅርጹን፣ ጣቱን፣ ጭንቅላቱን፣ የተቀመጠበትን ቦታ። ቀለም መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ለማረጋገጫ።

እንሽላሊቶቹ፦ የት ነው የተቀመጠው?

መሬት ላይ፣ ወይም ግንድ ላይ ከወገባችሁ በታች ከሆነና ርዝመቱ ከነጭራው ከእርሳስ የማይበልጥ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማው አኖል ነው። ይህ የኩባና የባሃማስ ተወላጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ደቡብ ጫፍ ላይ ባሉት የኪይስ ደሴቶች ታየ፣ ዛሬ የግዛቱ ባለቤት መስሏል። አፍንጫው አጭር ነው። ወንዱ ጉሮሮው ሥር እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ቆዳ አለው፤ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ ጠርዙ ቢጫ ነው። ሴቷ ጀርባዋ ላይ ከአንገት እስከ ጭራ የሚወርድ ፈዘዝ ያለ መስመር አላት፣ ብዙ ጊዜ እንደ ጥልፍ የአልማዝ ቅርጽ የተደረደረበት። ቡናማው አኖል ይጠቁራል፣ ይነጣል፣ አረንጓዴ ግን በጭራሽ አይሆንም። አረንጓዴ ካያችሁ እሱ አይደለም።

ከፍ ብሎ፣ ቅጠል መሃል ወይም ከጣራው ሥር ከሆነ፣ አፍንጫው ረዘምና ሾጠጥ ካለ፣ አረንጓዴው አኖል ነው። የአሜሪካ ዋና ምድር የራሱ የሆነው አኖል እሱ ብቻ ነው። የጉሮሮው ቆዳ ሮዝ ነው። ሲበርደው ወይም ሲደናገጥ ቡናማ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ነው ሰው ከመጤው ጋር የሚያምታታው፤ አፍንጫውን እዩ፣ ጀርባው ላይ ጥልፍ እንደሌለው እዩ። ድሮ መሬት ድረስ ይወርድ ነበር። መጤው ሲበዛበት ወደ ላይ ሸሸ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በግዛቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባሉ ትናንሽ ደሴቶች ላይ ቡናማው ከገባ በኋላ አረንጓዴዎቹ ዛፍ ላይ ወጥተው በ15 ዓመት፣ በ20 ትውልድ ገደማ ብቻ፣ ለስላሳ ቅርንጫፍ የሚቆነጥጠው የጣታቸው መለጠፊያ ሰፋ። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ አንዱን ከጎረቤቴ ፓልም ዛፍ ጫፍ ላይ ሳየው ስደተኛ ነው የሚመስለኝ፣ በገዛ አገሩ።

አበሻ አረንጓዴውን ሲያይ «እስስት!» ይላል። አሜሪካኖቹም እንደዚያው ይሉታል፣ ግን አይደለም። እስስት ሁለት ዓይኑን ለየብቻ ያዞራል፣ እግሩ ቅርንጫፍን እንደ መቆንጠጫ ይይዛል፣ አረማመዱም «ልሂድ ወይስ ልቅር» ነው። አኖል ይሮጣል። የሚገርመው ግን ፍሎሪዳ ውስጥ እውነተኛ እስስትም አለ፤ ለቤት እንስሳነት ከመጡት አምልጦ የተራባው አንዱ ዓይነት የትውልድ አገሩ የመንና ሳዑዲ ነው። ራሱ ላይ ቆብ የደፋ የመሰለ ካያችሁ እሱ ነው።

ማታ፣ መብራት አጠገብ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የእሳት ራት የሚጠብቀው ጌኮ ነው። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ያደገ ሰው መግቢያ አያስፈልገውም። ገርጣ ያለ፣ ቆዳው ችፍ ችፍ ያለ፣ የዓይን ቆብ የሌለው፤ ቀጥ ያለ እንደ ድመት ብሌን አለው፣ ዓይኑን በምላሱ ይጠርጋል። ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለ። አንዱ ከሜድትራንያን ዙሪያ፣ ሌላው ከአፍሪካ ነው የመጣው፣ ልክ እንደ እኛ። ሁለቱንም አትንኳቸው፣ ሥራ ላይ ናቸው።

የሚያብረቀርቅ፣ ዘይት የተቀባ የመሰለ፣ ቆዳው ልስልስ ያለ ከሆነ ስኪንክ ነው። ቅጠል ሥር ሰርሰር ብሎ የሚጠፋው ቀጭኑ ቡናማ የመሬት ስኪንክ ነው። ጥቁር ሆኖ ቢጫ መስመሮች ያሉትና ጭራው እንደ መብራት ሰማያዊ የሆነው ደግሞ የባለ አምስት መስመሩ ስኪንክ ልጅ ነው፤ ሲያድግ ሰማያዊው ይጠፋል። ያንን ጭራ አይቶ «መርዘኛ ነው» የሚል ጎረቤት አያጣችሁም። አይደለም። ጓሮ ውስጥ የምታገኟቸው ትናንሽ እንሽላሊቶች አንዱም ሰው የሚጎዳ መርዝ የለውም። ጭራው የሚያምረው ለጠላት ነው፤ ወፏ ጭራውን ትይዛለች፣ ጭራው ተቆርጦ ይቀርና እየተወራጨ ያዘናጋታል፣ ባለቤቱ ያመልጣል።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የአንድ እንስሳ ነፍስ ያተርፍ ይሆናል። እግር የሌለው እንሽላሊት አለ። መልኩ እባብ ነው፣ ግላስ ሊዛርድ ይሉታል። አካፋ ከማንሣታችሁ በፊት ፊቱን እዩት፦ ዓይኑን ጨፈን ካደረገ፣ ከዓይኑ ኋላ የጆሮ ቀዳዳ ካለው፣ ጎኑ ላይ ከአንገት ጀምሮ የሚወርድ እጥፋት ካለው እንሽላሊት ነው። እባብ ዓይኑን አይጨፍንም፣ የጆሮ ቀዳዳም የለውም። ከሩቅ ግን ይህን ማየት ካልቻላችሁ አትጠጉ፤ ዝም ብላችሁ ተዉት፣ ይሄዳል።

ትላልቆቹን በአጭሩ ልለፋቸው፣ ምክንያቱም እነሱን ለማየት መመሪያ አያስፈልግም። ራሱ ብርቱካንማ፣ ገላው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ የግንብ አጥር ላይ ፑሽ አፕ የሚሠራው አጋማ ነው፣ የምዕራብ አፍሪካ ልጅ። የክንድ ርዝመት ያለው፣ ትልቅ ጭንቅላት ያለው አረንጓዴ፣ ትከሻው ላይ ቢጫ መስመር ያለው ደግሞ ናይት አኖል የሚባለው የኩባ ግዙፍ አኖል ነው፤ ከተያዘ ይናከሳል። ኢጓናውን ከጆሮው በታች ባለው ትልቅ ክብ ቅርፊት ታውቁታላችሁ፤ በብዛት ያለው ወደ ማያሚ ነው። ብርድ ሲመጣ ደንዝዞ ከዛፍ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የማያሚ የአየር ሁኔታ ቢሮ «ኢጓና ከዛፍ ሲወድቅ ብታዩ አትደነቁ» ብሎ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፣ የምሬን ነው። የወደቀ ካገኛችሁ ሞተ ብላችሁ መኪና ውስጥ አታስገቡት። ሲሞቀው ይነቃል። ኬፕ ኮራል የምትኖሩ ደግሞ ከቦዩ ዳር የእኛኑ የአባይ አርጃኖ ብታዩ ዓይናችሁ አልዋሻችሁም፤ እዚያ መራባት ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እሱን በፎቶ ብቻ።

እንቁራሪቶቹ፦ ጣቱ ጫፍ ላይ ምን አለ?

እዚህ ላይ ጥያቄው አንድ ነው። የጣቱ ጫፍ ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ የሆነ ነገር አለ? ካለ የዛፍ እንቁራሪት ነው፤ መስኮት ላይ መለጠፍ ይችላል። ከሌለና ሰውነቱ ደረቅ፣ ችፍ ችፍ ያለ፣ አካሄዱም ከመዝለል ይልቅ ዱብ ዱብ ከሆነ፣ ጉርጥ ነው። ከሌለና በጣም ትንሽ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ቡናማ ከሆነ፣ የአበባ ማሰሮ ስታነሡ ከሥሩ ብቅ የሚለው ግሪንሃውስ ፍሮግ ነው። ይህ ትንሽዬ የኩባ መጤ ጭራ ያለው የውሃ ልጅነት የለውም፤ እንቁላሉን እርጥብ አፈር ውስጥ ይጥላል፣ ከዚያ የምትወጣው ሙሉ እንቁራሪት ናት፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል። ለዚህ ነው ኩሬ የሌለው ጓሮ ውስጥ የሞላው።

ቁልፍ ጣት ካላቸው ልጀምር። ሦስቱን ካወቃችሁ አብዛኛውን ጨረሳችሁ።

አረንጓዴው የዛፍ እንቁራሪት ሥዕል ነው። ልስልስ ያለ፣ ደማቅ አረንጓዴ፣ ከከንፈሩ ተነሥቶ በጎኑ የሚወርድ ጠርዙ ጥርት ያለ ነጭ መስመር አለው። ከ6 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሁለተኛው ስኩዊረል የሚሉት ነው፤ ከ4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፣ እሱም ልስልስ ነው፣ ቀለሙ ግን እንደ ሙዱ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ጠቃጠቆ ያለበት፣ የሌለበት። ሁለቱም የአገሩ ልጆች ናቸው።

ሦስተኛው የኩባው ነው፣ ጠቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ካደገ ይገዝፋል፤ ሴቷ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። የአገሩን ትናንሽ እንቁራሪቶች ይበላል፣ የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ ገብቶ መብራት ያጠፋል፣ ሽንት ቤት ሳህን ውስጥ ሳይቀር ይገኛል (ባለቤቴ ሌሊት ያገኘችውን አልረሳውም፣ ጎረቤቱም አይረሳውም)። መለያው ብዙ ነው። ቆዳው ችፍ ችፍ ያለ ነው፤ የዛፍ እንቁራሪት ሆኖ ሸካራ ቆዳ ያለው ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። የጣት ቁልፎቹ ከሌሎቹ ሁሉ ይተልቃሉ። የፊት እግሩ ከገላው የሚገናኝበት ቦታ፣ ብብቱ በሉት፣ ቢጫ ነካ ያደርገዋል። የማያሳስተው ግን ራሱ ነው፦ የራስ ቆዳው ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ጓንት አድርጋችሁ በጣታችሁ ብታሹት ቆዳው አይንቀሳቀስም። የሌሎቹ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጓንት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከቆዳው የሚወጣው ንፍጥ መሰል ነገር ዓይን ያቃጥላል፤ እኔ ይዤው ሳልታጠብ ዓይኔን አሽቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ሽንኩርት ሲከትፍ እንደዋለ ሰው አልቅሻለሁ።

ልጁ ነው የሚያስቸግረው። ትንሹ የኩባ እንቁራሪት አረንጓዴ ሆኖ ጎኑ ላይ መስመር ሊኖረው ይችላል፣ ያን ጊዜ ስንቱ ምስኪን አረንጓዴ በስሙ ይሞታል። ባትሪ አብሩበት። ዓይኑ ቀላ ካለ፣ በኋላ እግሩ ስስ ቆዳ ውስጥ አጥንቱ ሰማያዊ ሆኖ ከታየ የኩባው ነው። መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም ነበር፤ እውነት ሰማያዊ ነው።

ሁለቱ ጉርጦችና ቡቺ

ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ በተለይ ውሻ ያላችሁ።

የአገሩ ጉርጥ፣ ሳውዘርን ቶድ የሚሉት፣ በሁለቱ ዓይኖቹ መሃል ሁለት ሸንተረር አለው፤ ሸንተረሮቹ ከኋላ በኩል ቋጠሮ ሆነው ያበቃሉ፣ ከላይ ስታዩት ትንንሽ ቀንድ ሊያበቅል የጀመረ ይመስላል። ከዓይኑ ኋላ ያሉት የመርዝ ዕጢዎች ትንንሽ፣ እንቁላል ቅርጽ ናቸው። ቢበዛ 10 ሴንቲ ሜትር ነው።

መጤው የሸንኮራ ጉርጥ ነው፤ ኬን ቶድ ወይም ቡፎ ይሉታል። ከመሃልና ከደቡብ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የሸንኮራ አገዳ ተባይ እንዲበላ አመጡት፣ ያኔ የመጡት ግን አልተላመዱም። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1955 ከአንድ የእንስሳት አስመጪ መቶ ያህሉ በማያሚ አውሮፕላን ማረፊያ አመለጡ፣ ከዚያ ወዲህ ማን ያስቁመው። የራሱ መሃል ላይ ሸንተረርም ቋጠሮም የለም። ዕጢዎቹ ግዙፍ ናቸው፣ ሦስት ማዕዘን ሆነው ወደ ትከሻው እየሾጠጡ ይወርዳሉ። ያደገው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከዚያም ይበልጣል። የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ሳህን አይበቃውም። ሁለቱም ትንንሽ በሆኑበት ጊዜ ግን ቋጠሮው ገና ስለማይወጣ አትፍረዱ። ፎቶ አንሥታችሁ ጠይቁ።

ቡቺ ያገኘችው ይህንን ነው። ነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናብ ዘንቦ ያባራ ማታ። የውሻዋን ምግብ ውጭ ትተን ነበር፣ ጉርጡም እሱን ሊበላ ነው የመጣው። ነከሰችው፣ ወዲያው ተፋችው፣ ከዚያ አፏ አረፋ በአረፋ ሆነ፣ ድዷ እንደ ሸክላ ቀላ፣ እየተንገዳገደች መዞር ጀመረች። እኔ ሞኙ መጀመሪያ ያደረግኩት ውሃ ማጠጣት ነው። ስህተት! ውሃው መርዙን ይዞት ወደ ሆድ ይወርዳል። የእንስሳት ሐኪሟ በስልክ ጮኸችብኝ፣ ልክ ነበረች። እንዲህ ነው የሚደረገው፦ የውሻውን አፍንጫ ወደ መሬት አዘንብሉ፣ የውሃውን ጎማ ከመንጋጋው ጎን አስገብታችሁ ውሃው ወደ ውጭ እንዲፈስ አድርጋችሁ ለአሥር ደቂቃ ያህል እጠቡ፣ በመሃል በመሃሉ ድዱንና ምላሱን በእርጥብ ፎጣ ጥረጉ፣ መርዙ ዝልግልግ ስለሆነ ውሃ ብቻ አያለቅቀውም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም። የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚወድቅ ከሆነ አሥር ደቂቃውን አትጠብቁ፣ አንዱ ይንዳ፣ አንዱ ይጥረግ። ቡቺ ተርፋለች። አሁን የምትበላው ቤት ውስጥ ነው።

ካወቃችሁ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ

ሌሊት ከማሳደድ ቱቦ ይሻላል። ነጭ የፒቪሲ ቱቦ ግዙ፣ ውፍረቱ አንድ ኢንች ተኩል፣ ርዝመቱ ሦስት ጫማ ያህል። ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ፣ አበባ መሃል፣ ቀጥ አድርጋችሁ መሬት ውስጥ ትከሉት። የዛፍ እንቁራሪቶች ቀን ቀን ውስጡ ይተኛሉ። አይታሰሩም፣ ሲፈልጉ ይወጣሉ። ሳምንት ቆይታችሁ ቀን ላይ የላይኛውን አፍ በላስቲክ ከረጢት ሸፍናችሁ ቱቦውን ንቀሉ፣ ከታች በዱላ ገፋ አድርጉ። ያለው ሁሉ ከረጢት ውስጥ ነው፣ ተረጋግታችሁ ጣቱን፣ ብብቱን፣ ራሱን አንድ በአንድ ትመረምራላችሁ። የአገሩ ከሆነ እዚያው ልቀቁት።

የኩባው ወይም የሸንኮራው መሆኑን እርግጠኛ ከሆናችሁ ሌላ ቦታ ወስዶ መልቀቅ አይፈቀድም፣ ለሌላ ሰው ጓሮ ችግር መላክ ነው። ሳይሰቃይ የሚሞትበትን መንገድ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያስተምራሉ፦ በጓንት ይዞ፣ ለጥርስ ሕመም የሚሸጠውን 20 በመቶ ቤንዞኬይን ያለበት ማደንዘዣ ቅባት ሆዱ ላይ መቀባት፣ ሲደነዝዝ በከረጢት አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር። ጨው መነስነስ፣ በረኪና መርጨት የሚሉትን አትስሙ። ከረጢቱ ላይ ጻፉበት ደግሞ። እኛ ቤት ያልተጻፈበት አንዱ ከዶሮ ሥጋ ጋር ተቀላቅሎ ከእናቴ ጋር ለሁለት ቀን አኳርፎኛል።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትግደሉ። ሦስቱን ፎቶ አይናቹራሊስት በሚባለው መተግበሪያ ላይ ጫኑት፤ ኮምፒውተሩ ግምት ይሰጣል፣ ከዚያ ሰዎች ያርማሉ። ኮምፒውተሩ ብቻውን ሲፈርድ ግን አትመኑት፣ የእኔን የስኪንክ ጭራ አንድ ጊዜ ባለ ብዙ እግር ትል ብሎኛል።

መጨረሻ ላይ ጆሮ

ሳታዩ የምትለዩበት መንገድ ይህ ነው፣ እኔ የምወደውም ይህን ነው። መብራቱን አጥፉና በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃውን ክፈቱት፣ ማግስቱን መልሳችሁ ትሰሙታላችሁ።

ሳያቋርጥ ለብዙ ሰከንድ የሚንጣጣ ቀጭን ፉጨት የአገሩ ጉርጥ ነው። ወፈር ብሎ ከሩቅ እንደ ትራክተር ሞተር የሚንደቀደቀው የሸንኮራው ነው፣ ያን ጊዜ ውሻውን አስገቡ። ዘይት ያጣ በር ሲከፈት የሚያሰማው ሲጥጥ የኩባው ነው። በአፍንጫ «ኳንክ፣ ኳንክ» የሚለው አረንጓዴው፣ እንደ ዳክዬ ሻከር ያለው ስኩዊረሉ ነው። ጫጩት የጠፋባት የሚመስል ጪው ጪው ከሰማችሁ ኦክ ቶድ ናት፣ ከዚህ አገር ጉርጦች ሁሉ ትንሿ። ከሐይቁ በኩል አሳማ ካንኮራፋ ስሙም እሱው ነው፣ ፒግ ፍሮግ።

አንዱ ደግሞ አፉ ሾጣጣ፣ ከራሱ ኋላ የቆዳ እጥፋት ያለው፣ ከ4 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ድብልብል ነው። ቀን ግንድ ሥር ስለሚደበቅ አይታይም። ድምፁ ግን እንቁጣጣሽ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት። ነጠላዋን ደርባ ሳሎን መጥታ አገኘችኝ።

«ጎረቤቶቹ አበሾች ናቸው እንዴ?»

«አይደሉም፣ ምነው?»

«በግ ገዝተዋል እኮ። አትሰማም ሲጮህ?»